ዱቤ ሌላ፣ ብድር ሌላ

እኛ አገር ካርድ ማለት ቁልፍ ነው። ባንክ ያስቀመጥነውን የራሳችንን ገንዘብ የምንከፍትበት ቁልፍ። ደመወዝ የገባ ቀን ኤቲኤሙ ጋ እንሰለፋለን፣ ካርዱን እናስገባለን፣ አራት ቁጥር እንነካለን። ካለን ይሰጠናል። ከሌለን ያለ አንዳች ይሉኝታ "በቂ ሒሳብ የለዎትም" ብሎ ያሰናብተናል። ስለዚህ አንድ ሰው ከኤቲኤም ፊት ቆሞ ብር ሲቆጥር ስናይ ያ ብር የራሱ መሆኑን ለመጠርጠር ምንም ምክንያት የለንም። ከየት ያመጣዋል ታዲያ?

ጣጣው የሚመጣው በዚሁ ዓይናችን ከውጭ የመጣ ዘመዳችንን ስናይ ነው።

በደህናው ጊዜ ደብረ ታቦር በጥር ወር ሌላ ከተማ ትሆናለች። ጥምቀት አለ፣ ጥር 25 መርቆሬዎስ አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ሠርጉ አለ። ዋሽንግተንና ቶሮንቶ የከረመው ሁሉ ብቅ ይላል። (ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉን ያገኘው ግጭት ይህን አሳስቶታል፤ ብዙው እንግዳ አዲስ አበባ ላይ ዘመዱን አስጠርቶ አይቶ ይመለሳል።) እንግዳዋ፣ የአክስታችን ልጅ እንበላት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይዛ የመጣችውን ጥሬ ገንዘብ ትጨርሳለች። ለእናቷ መድኃኒት፣ ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለሠርገኛው ስጦታ፣ ለእኛም ለወንድምና ለእኅቶቿ "እንዲያው ለጫማ" እየተባለ ያልቃል። በሁለተኛው ሳምንት እጇ ሲያጥር አንዳችን ቸር ሆነን መፍትሔ እናመጣለን።

"ካርዱን ይዘሽ የለ እንዴ?"

ይዛለች። ቪዛ የሚል ጽሑፍ አለበት፣ ኤቲኤሙም ቪዛ ይላል። እጇን ይዘን እንወስዳታለን። ማሽኑ ቅር ሳይለው ይሰጣታል። ይህን ያየ ሁሉ የሚደመድመው አንድ ነገር ነው፦ "ገንዘብማ አላት፣ መስጠት አልፈለገችም እንጂ።" በዚህች ዓረፍተ ነገር ስንት ዘመድ ተቀያይሟል! እኛ ግን ያ ካርድ ምን ዓይነት ካርድ እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ሁለት ዓይነት ካርድ አለና። አንደኛው ዴቢት ካርድ ነው፤ የእኛ ባንኮች ለብዙው ደንበኛ የሚያድሉት ዓይነት፣ የራስን ገንዘብ ማውጫ። ሁለተኛው ክሬዲት ካርድ ነው፤ በውስጡ የባለቤቱ የሆነ አንድ ሳንቲም እንኳ ላይኖር ይችላል። ባንኩ "እስከዚህ ድረስ ብትወስጂ አምንሻለሁ" ብሎ ያስቀመጠው ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። መልካቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ፣ ኤቲኤሙ ውስጥ አገባባቸው አንድ። ልዩነቱ የሚታየው ከወር በኋላ፣ ውቅያኖስ ማዶ፣ በፖስታ ወይም በኢሜይል ነው። እኛ እዚያ የለንም።

በክሬዲት ካርድ ዕቃ መግዛትና በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ደግሞ ካርዱን የያዙት ሰዎችም ሁሉ አያውቁትም። ነገሩን ለመረዳት ኒው ዮርክ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈራችን ሱቅ ይበቃል። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና ወስደን "ጻፈው" እንላለን። ባለሱቁ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። ወር ሲደርስ ሄደን እናሰርዛለን። የወሰድነው የ600 ብር ዕቃ ከሆነ የምንከፍለው 600 ብር ነው። ስሙ ዱቤ ነው፣ ጨዋ ነገር ነው። አሁን ያንኑ ሰውዬ "ዕቃውን ተወው፣ 600 ብር ጥሬውን ስጠኝ፣ ወር ሲደርስ እመልሳለሁ" በሉት። ፊቱን ተመልከቱ! ከስኳሩ ትርፍ ነበረው፤ ከጥሬ ገንዘቡ ምን ያገኛል? ደግሞም በልቡ "ይሄ ልጅ ምን ደረሰበት?" ማለቱ አይቀርም። ዱቤ ሌላ፣ ብድር ሌላ።

የአሜሪካ ባንክም እንደ ባለሱቁ ነው የሚያስበው። ሰው በክሬዲት ካርድ ጫማ ሲገዛ ባለ ጫማ ቤቱ ከሽያጩ ላይ ጥቂት በመቶ ቆርጦ ለካርዱ ሥርዓት ይከፍላል፤ ባንኩ ድርሻውን ከዚያ ያገኛል። ስለዚህ ገዢው ወር ሲሞላ ሙሉውን ከከፈለ ባንኩ ወለድ አይጠይቀውም። የሒሳቡ ዝርዝር ከተላከለት በኋላ እንኳ ቢያንስ 21 ቀን የመክፈያ ጊዜ አለው። ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ግን ጫማ ሻጭ የለም። ከማን ይቆረጥ? ከአውጪዋ ነዋ። ባንኩም ጥሬ ገንዘብ በክሬዲት ካርድ የሚያወጣ ሰው የቸገረው ነው ብሎ ስለሚያምን ዋጋውን ያከብደዋል።

ዋጋው ደግሞ ተከታትሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የማውጫ ክፍያ አለ፤ በብዙ የአሜሪካ ካርዶች ከወጣው ገንዘብ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ከዚያ "የውጭ አገር ግብይት" የሚሉት አለ፤ ብዙ ጊዜ 3 በመቶ ነው (የማይጠይቁ ካርዶችም አሉ)። የኤቲኤሙ ባለቤት የሆነው ባንክም የራሱን ሊያስከፍል ይችላል። እነዚህ አንዴ የሚከፈሉ ናቸው። ወለዱ ግን ሌላ ነው። ለጥሬ ገንዘብ የሚታሰበው ወለድ ብዙውን ጊዜ ለዕቃ ከሚታሰበው ይበልጣል፣ በዓመት 30 በመቶ ገደማ የሚደርስበት ካርድ ብዙ ነው። ከሁሉም የሚብሰው መቁጠር የሚጀምርበት ቀን ነው። ለዕቃ የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ ለጥሬ ገንዘብ የለም። ገንዘቡ ከማሽኑ በወጣበት ዕለት ወለዱ ይጀምራል። የአክስታችን ልጅ ብሩን ቆጥራ ወደ ቦርሳዋ ሳትከት ቆጣሪው ዞሯል።

እስቲ በቁጥር እንየው። የአክስታችን ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባጠቃላይ 1,000 ዶላር በዚህ መንገድ አወጣች እንበል። የማውጫው 5 በመቶ 50 ዶላር ነው። የውጭ አገር ግብይቱ 3 በመቶ 30 ዶላር። ወለዱ በዓመት 30 በመቶ ከሆነ በቀን 82 ሳንቲም ይሆናል። ተመልሳ፣ ደመወዝ አግኝታ፣ በ40ኛው ቀን ብትከፍል ወለዱ 33 ዶላር ደርሷል። ጠቅላላ 113 ዶላር። ስድስት ወር ካንቀላፋችበት ወለዱ ብቻውን ወደ 150 ዶላር ይጠጋል፣ ከሌላው ጋር 230። ይህ እንግዲህ ክፍያዎቹ ራሳቸው ወለድ የሚወልዱትን ሳንቆጥር ነው።

"ዶላር ለሚያገኝ ሰው 113 ዶላር ምንድን ነው?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፣ ምክንያቱም እኛም እንደዚያው ስንል ኖረናል። በሰዓት 18 ዶላር ለሚከፈላት ሴት 113 ዶላር ማለት ከስድስት ሰዓት በላይ መቆም ነው፣ ግብር ሳይነሳ። ያን ስድስት ሰዓት እናቷ አላገኘችውም፣ ሠርገኛው አላገኘውም፣ እኛም ጫማ አልገዛንበትም። ለማንም ሳይደርስ ቀልጦ የቀረ የሰው ጉልበት ነው።

እንደ ደብረ ታቦር ልጅ ይህን ወለድ ስናስብ ትዝ የሚለን የጎረቤታችን የጋፋት ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች አስቀምጠው ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። መድፉን ማቅለጥና ማፍሰስ ከባድ ነበር፣ ግን አንዴ ነው፤ አለቀ። ጉዱ የመጣው ሲጎተት ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ የሰው ጉልበት በላ። በካርድ የወጣ ጥሬ ገንዘብም እንደዚያ ነው። ማውጫው ክፍያ አንዴ ያማል። ወለዱ ጉተታው ነው፤ ተራራው ሩቅ በሆነ ቁጥር ገመድ ሳቢው ይበዛል።

አንድ ሌላ የማይታይ ነገር አለ። ኤቲኤም በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የተወሰነ ነው፣ ደግሞም ሰው ቁጥብ ልሁን ሲል ትንሽ ትንሽ ያወጣል። በእኛ ካርድ ይህ ብልህነት ነው። በክሬዲት ካርድ ግን "ወይም 10 ዶላር" የምትለዋ ቃል አለች። 60 ዶላር የሚያወጣ ሰው 5 በመቶው 3 ዶላር ቢሆንም የሚከፍለው 10 ዶላር ነው። ይህ ወደ 17 በመቶ ነው፣ ወለዱ ገና ሳይጀምር! በሳምንት አምስት ቀን ትንሽ ትንሽ ያወጣች እንግዳ 50 ዶላር ለማሽን ሰጠች ማለት ነው።

የምንዛሪውንም ነገር በአጭሩ እናንሳው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከኤቲኤም ያወጣ ሰው በባንኩ ዋጋ፣ 57 ብር ገደማ ሒሳብ ነበር የሚያገኘው፣ ጎዳናው ላይ ዶላር እጥፍ ገደማ በሚጠራበት ጊዜ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የንግድ ባንክ ዋጋ በአንድ ቀን 74 ብር ገባ፣ ከዚያም በላይ እየወጣ ሄደ። ያ ቀዳዳ ጠበበ። የካርዱ ቀዳዳ ግን አገር ቤት ያለ ሕግ የሚደፍነው አይደለም።

ወደ እኛ ቤት ይበልጥ የሚጠጋው ደግሞ ሐዋላው ነው። የአክስታችን ልጅ መምጣት አቅቷት እዚያው ሆና ትልካለች እንበል። እናቷ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል፣ እኛ ደውለናል፣ በእሷ አገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ስልኳን ታነሣለች፣ የገንዘብ መላኪያውን ትከፍታለች። መላኪያው "በምን ትከፍያለሽ?" ይላታል፦ ከባንክ ሒሳብ፣ በዴቢት ካርድ፣ በክሬዲት ካርድ። ሒሳቧ ውስጥ ገንዘብ ካለ ደህና። ከሌለ ክሬዲት ካርዱን ትነካለች። ብዙ የካርድ ባንኮች ይህን እንደ ዕቃ ግዢ አይቆጥሩትም። ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ እንደወጣ ነው የሚመዘግቡት፤ ማውጫ ክፍያው አለ፣ ከዚያው ዕለት የሚጀምረው ወለድ አለ፣ መላኪያው ድርጅት የሚያስከፍለው ደግሞ ለብቻው። እኛ የደረሰን ገንዘብ ሙሉ ነው። ከላኪዋ የተነሣው ከዚያ ይበልጣል፣ ወር ሙሉም እየበለጠ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ስንደውል ልንለው የሚገባ አንድ ነገር ያለ ይመስለናል። ጉዳዩ የሞት የሽረት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ የታመመ ሰው ወለድ አይጠብቅም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በሌሊት ከምንደውላቸው ጥሪዎች ስንቱ ነው እስከ አርብ መቆየት የማይችለው? የኮርስ መመዝገቢያ፣ የቤት ኪራይ ቀሪ፣ የአዲስ ስልክ ዋጋ… "ደመወዝሽ መቼ ነው? ያኔ ከሒሳብሽ ላኪልን" ብሎ መናገር ክብራችንን አይቀንሰውም። "ኧረ ዛሬውኑ፣ ኧረ አሁኑኑ" የምንለው እኛ ነን እኮ ወደ ውዱ መንገድ የምንገፋት።

መክፈሉም የራሱ ብልሃት አለው። አንድ ካርድ ላይ የዕቃ ዱቤና የጥሬ ገንዘብ ብድር ሲደባለቅ የሚከፈለው ገንዘብ የቱን ያቃልላል? ድሮ ባንኮቹ ቀላሉን ያስቀድሙ ነበር፤ ወለዱ አነስተኛ የሆነው ዕዳ በቅድሚያ እየተከፈለ ከባዱ እንዲወልድ ይተዉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ ይህን ለወጠው። ከዝቅተኛው ወርኃዊ ክፍያ በላይ የተከፈለው ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ መሄድ አለበት አለ። "በላይ" የምትለዋን ልብ በሉ። ዝቅተኛዋን ብቻ እየከፈለ የሚኖር ሰው ያ ሕግ አይደርስለትም፤ ባንኩ ያችን ዝቅተኛ ክፍያ ቀላሉ ዕዳ ላይ ሊያሳርፋት ይችላል። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ አውጥታ የተመለሰች ሴት ሒሳቡ በፖስታ እስኪመጣ ለምን ትጠብቃለች? በማግሥቱ ብትከፍል ወለዱ በማግሥቱ ይቆማል። የወሩን መጨረሻ መጠበቅ ለዱቤ ነው የሚያዋጣው።

"እንኳን ክሬዲት ካርድ የለን" ብሎ የሚፎክር ይኖራል። ቀስ ይበል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ "መላ" የተባለውን አነስተኛ ብድርና "እንደኪሴ" የተባለውን አመጣ። እንደኪሴ ሒሳባችን ውስጥ ያለው ሳይበቃ ሲቀር የጎደለውን ሞልቶ ክፍያውን የሚያስጨርስ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ሽልማት ይገባዋል፤ የሰው ኪስ መሆኑን እስክንረሳ ድረስ ያማረ ስም ነው። ኬንያውያን ፉሊዛ የሚሉትን ተመሳሳይ ነገር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያውቁታል። 1 በመቶ መግቢያ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ። ጥቂቷ ሽልንግ እየተጠራቀመች ስታስለቅስ ጩኸቱ በዛና እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮምና አጋር ባንኮቹ ለአነስተኛ ብድሮች የቀኑን ክፍያ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሱት።

በስልክ ብድር ላይ የሚያደናግረው ቃሉ ነው። "ወለድ" ሲባል ጆሯችን ይቆማል። "የአገልግሎት ክፍያ" ሲባል ግን እንደ ታክሲ ሒሳብ ነው የምንሰማው። ምሳሌ እንውሰድ፣ የማንም ድርጅት ታሪፍ አይደለም፣ ለሒሳብ ያህል ነው። 1,000 ብር ለ30 ቀን ተበድረን 60 ብር የአገልግሎት ክፍያ ብንጠየቅ 60 ብር ሁለት ማኪያቶ አይሞላም ብለን እሺ እንላለን። ለዓመት ስናሰላው ግን 73 በመቶ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በቁጥር 2479፣ ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በዚያ ሒሳብ የ1,000 ብር የ30 ቀን ወለድ 10 ብር አይሞላም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የሰው ችግር እየተመለከቱ አራጣ ማበደርን ያስቀጣል። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ሥር የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ የጎረቤት ሕግ አይገዛቸውም፤ ስለዚህ አራጣ አበዳሪ ናቸው እያልን አይደለም። እያልን ያለነው፣ ጎረቤታችን "1,000 ብር ልስጥህ፣ በወሩ 1,060 መልስ" ቢለን ስም የምናወጣለትን ነገር ስልካችን ሲለን "እስማማለሁ" የሚለውን እንነካለን ነው።

የስልኩ ብድር ከካርዱ ብድር የሚሻልበት አንድ ነገር ግን አለው። ቢያንስ ከመውሰዳችን በፊት ስክሪኑ ላይ ይጽፈዋል፣ ካነበብነው። ኤቲኤም የክሬዲት ካርዱን ወለድ አይጽፍም፤ የሚያውቀው ውጭ ያለው ባንክ ነው። ማሽኑ ብር ቆጥሮ መስጠት ብቻ ነው ሥራው።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ አንባብያን፣ ወደዚህ የምትመጡበት ትኬት ሲቆረጥ ሁለት ነገር አድርጉ። ለመንገድ የሚሆናችሁን ገንዘብ ዴቢት ካርዳችሁ ወዳለበት ሒሳብ አስገቡ፣ ባንካችሁም አገር እንደምትለውጡ ይወቅ፣ አለበለዚያ ተጠራጥሮ ይዘጋባችኋል። ክሬዲት ካርዳችሁን ደግሞ ለሆቴልና ለትኬት ተዉት። የሒሳብ ዝርዝሩ ላይ ከጠቅላላው ጣሪያ ሌላ ለጥሬ ገንዘብ ብቻ የተመደበ አነስ ያለ ጣሪያ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ አንዳንድ ባንኮች ደውላችሁ ከጠየቃችኋቸው ያንን ጣሪያ ወደ ዜሮ ያወርዱላችኋል። ያኔ ዘመድ እጃችሁን ይዞ ኤቲኤም ቢወስዳችሁ ማሽኑ ራሱ "አይሆንም" ይልላችኋል። እናንተ አላላችሁም።

እኛ እዚህ ያለነው ደግሞ ኤቲኤሙ ጋ ከመሄዳችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጨምር፦ "የትኛው ካርድ ነው?" ክሬዲቱ ከሆነ ቆርቆሮው ለሚቀጥለው ደመወዝ ይቆይ። ሰማዩ እንደሆነ እስከ ግንቦት አይዘንብም።